ተሙን፦ የምኒልክ ዘመን ትንሹ ብር

ተሙን ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ካስቀረጿቸው የብር ገንዘቦች አንዱ ነው። ዋጋው የአንድ ብር ስምንተኛ፣ ክብደቱ 3.5 ግራም ያህል፣ የብሩ ጥራትም ከሺህ 835 እጅ ነው። የተቀረጸባቸው ዓመታት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 1887 እና 1888 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹ አንድ ብር፣ አላድና ሩብ፣ ታናሹም ግርሽ ለዓመታት ሲቀረጹ ተሙን ተረሳ። ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሸቤና በቦንጋ በኩል ካሉ የቡና ከተሞች ከአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ጠገራ ብር ማግኘት እምብዛም አያስገርምም። ተሙን ማግኘት ግን ያስገርማል። የኢትዮጵያን ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ቁራጭ ብር አጥብቀው የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

ከአሞሌ ወደ ጠገራ

ተሙን ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው ከእርሱ በፊት የነበረውን ገበያ ላየ ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁ መገበያያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ነበር። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ጠገራ ሁሉ፣ በስንት ዓመትና በየትኛው ከተማ ቢቀረጽ፣ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ወጥቷል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ጥራቱ ከሺህ 833 እጅ ነው። ገበያተኛው ጠገራውን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ፣ በራሷ ላይ ያለውን የዕንቁ ጠብታ አንድ ባንድ ይቆጥራል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። ጌጡ የፈዘዘ ወይም ዕንቁው የጎደለ ብር ከሆነ ይመልሰዋል።

የጠገራው ችግር ትልቅነቱ ነበር። በአንድ ጠገራ ብዙ እህል ይሸመታል፤ ለአንድ ቁና ጤፍ ወይም ለጥቂት ጨው ግን ጠገራ ሰጥቶ መልስ መቀበል አይቻልም። መልሱን የሚሞላው አሞሌ ነበር፤ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ የሚመጣ የጨው ጡብ። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፣ ሲጓዝ ይሰበራል፣ ዝናብ ሲነካው ያልቃል። ጅማ ሲደርስ ከመቀሌ ይልቅ እጅግ ውድ ነበር። በአንዳንድ ገበያ የጠመንጃ ጥይትም እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። ትንሽ የብር ገንዘብ ያስፈለገው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

የፓሪሱ ብር

ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ እንደሚያወጡ ያስነገሩት በየካቲት 1885 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ብር ከጠገራው ጋር በክብደት እንዲመጣጠን ተደረገ፤ 28.075 ግራም። ይህ በእውነቱ ብልህነት ነበር፤ ሕዝቡ ለሚያምነው ክብደት ሌላ ክብደት አስተምሮ ከማሳመን፣ ያመነውን ክብደት ይዞ ምስሉን መለወጥ ይቀላል። ከዚያ በታች ግማሹ አላድ፣ ሩቡ ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ተባሉ። ተሙን ማለት ስምንተኛ ማለት ነው፤ ሃያ አምስት ሳንቲምን ስሙኒ የሚለው የአዲስ አበባ አነጋገርም ዘመዱ ይመስላል።

በአንዱ ገጽ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው ይታያሉ፤ ዙሪያውን «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። በሌላው ገጽ ዘንግ የያዘ አንበሳ አለ፤ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሕፈት ይዞረዋል፤ ከዚያ ጋር የገንዘቡ ስም በአማርኛ ተጽፏል። ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ አኃዝ ነው። ሰብሳቢው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ይህን ነው፤ ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፰፻፹፰ ማለት 1888፣ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889። ከዓመቱ ጎን የምትታየው ትንሿ የላቲን ‹ኤ› ፊደል የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ምልክት ናት።

ተሙን ለምን ከሁለት ዓመት በኋላ ቀረ? መልሱ በሒሳቡ ውስጥ ያለ ይመስላል። በመጀመሪያ አንድ ብር 20 ግርሽ እንዲሆን ተተምኖ ነበር። በዚህ ስሌት አላድ 10 ግርሽ፣ ሩብ 5 ግርሽ ይሆናሉ፤ ተሙን ግን ሁለት ተኩል ግርሽ ነው። ለገበያ ሴትም ለነጋዴም ግማሽ ግርሽ የሚያስከትል ገንዘብ አይመችም። በ1889 ዓ.ም. 1.4 ግራም ያህል የሚመዝነው የብር ግርሽ ብቅ ሲል ዝርዝሩን እርሱ ወሰደው። በ1895 ዓ.ም. አካባቢ ስሌቱ ተለውጦ አንድ ብር 16 ግርሽ ሲሆን ተሙን በትክክል ሁለት ግርሽ በሆነ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ማንም መልሶ አላስቀረጸውም። የ1895 ዓመት ያለበት ግርሽ በሚሊዮን እየተቀረጸ አገር ምድሩን ሲሞላ፣ ተሙን በጥቂት እጆች ውስጥ ቀረ።

1888 የዓድዋ ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ጽሕፈት ያለባቸው የምኒልክ ብሮች ሁሉ፣ ከትልቁ ብር እስከ ተሙን፣ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚፈለጉትም እነርሱ ናቸው። ድሉ የተገኘበትን ዓመት የያዘ ብር የፓሪስ ሠራተኞች ያወጡት በጣት በሚቆጠር መጠን መሆኑ ያስቆጫል።

ከሮማ ዲናር ጋር ሲነጻጸር

ትናንሽ ብር የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ወደ ሮማ መዞሩ አይቀርም። ለአማርኛ አንባቢ የሮማ ገንዘብ እንግዳ አይደለም፤ በማቴዎስ ወንጌል የወይን ቦታው ሠራተኞች የቀን ዋጋቸውን የተቀበሉበት፣ ለፈሪሳውያንም ጥያቄ መልስ ሲሰጥ የቄሣር መልክ የታየበት ዲናር የብር ገንዘብ ነው። ዲናር የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ፣ ሮማ ከጠላቷ የጦር መሪ ከሐኒባል ጋር በምትዋጋበት ጊዜ ሲሆን፣ በመጀመሪያ 4.5 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ከእርሱ ጋር ሁለት ታናናሾች ተወለዱ፤ ግማሹ ኩዊናርዮስና ሩቡ ሴስቴርስ። የብር ሴስቴርስ ከአንድ ግራም እምብዛም አያልፍም፤ እንደ ጥፍር ቀጭን ነው። እርሱም እንደ ተሙን ሁሉ ጥቂት ተቀርጾ ተቋረጠ፤ ኋላ አውግስጦስ ቄሣር ሴስቴርስን ከብር ወደ ትልቅ የናስ ገንዘብ ለወጠው። ዛሬ በሮማ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዘንድ ተራ ዲናር በቀላሉ ይገኛል፤ የብር ሴስቴርስ ግን ብርቅ ነው።

የሮማው ቄሣር ኔሮን እ.ኤ.አ. በ64 የዲናሩን ክብደት ወደ 3.4 ግራም ዝቅ አደረገ። ተሙን በእጁ የያዘ ሰው እንግዲህ በክብደት ከኔሮን ዲናር ብዙ የማይለይ ብር ይዟል ማለት ነው።

ሮማና ኢትዮጵያ በገንዘብ የተገናኙት ግን ከምኒልክ በፊት ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ የጻፈ ግሪካዊ ነጋዴ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር እንደሚገኝበት ዘግቧል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ኢንዱቢስ የአክሱምን ገንዘብ በወርቅና በብር ማስቀረጽ ሲጀምር ወርቁን ከሮማ ሚዛን ጋር አስማምቶ ነው። የአክሱም ብሮች ጥቃቅን ናቸው፤ ከንጉሥ አፊላስ ዘመን ጀምሮ በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሡ ምስል ዙሪያ በወርቅ ተለብጧል። በዚያ ዘመን ብርን በወርቅ ለብጦ ገንዘብ ማድረግ የአክሱማውያን ልዩ ጥበብ ነበር። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረውን ጨረቃና ክብ በመስቀል ተካው። የአክሱም ገንዘብ ግን የቅርስ ጉዳይ ነው፤ ለግል ሰብሳቢ እጅ አይደለም።

በጅማና በቡና ከተሞች

ወደ ምኒልክ ዘመን እንመለስ። ሸቤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የጎጀብን ወንዝ ሳይሻገሩ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ከካፋ በኩል የሚወጣው ሁሉ መድረሻው ሂርማታ ነበር፤ ዛሬ ጅማ ከተማ የምንለው ቦታ። የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ይቆማል፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ይሸጥበት ነበር። ሰውም በባርነት ይሸጥበት ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም፤ ወደ ጅማ ከገባው ጠገራ ብዙው የዚያ ንግድ ዋጋ ነው። ጅማን እስከ 1924 ዓ.ም. ያስተዳደሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው በመገዛታቸው አገራቸው በውስጥ አስተዳደሯ ከአርባ ዓመታት በላይ ጸንታ ቆይታለች፤ የጅማ ሀብትም የሚቆጠረው በጠገራ ነበር።

የምኒልክ ብር እዚህ ሲደርስ ጠገራውን ከቦታው አልነቀለም። ገበሬውና ነጋዴው «ማርትሬዛ» የሚሉትን አሮጌውን ብር ይመርጡ ነበር፤ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ለዓመታት ከዚህ ልማድ ጋር ታግሏል። ጣሊያን የገበያውን ጠባይ አውቆ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ጠገራውን ራሱ በሮማ ከተማ ማስቀረጽ ያዘ፤ የጥንቱ ዲናር የተቀረጸባት ከተማ በመጨረሻ የኢትዮጵያን ገበያ ለመግዛት የማርያ ቴሬዛን ብር ቀረጸች። ከነፃነት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ከሳንቲሞቹ መካከል ብር የነበረው ሃምሳ ሳንቲሙ ብቻ ነው። እርሱም 1936 የሚል ዓመት ይዞ የወጣ፣ ክብደቱ 7 ግራም ያህል፣ ከምኒልክ ሩብ ጋር የሚመጣጠን ነበር።

ጠገራ የሚቀበር ሀብት ነበር፤ በገንቦ ተከቶ ከጓዳ ሥር ይቀመጣል፣ በኀዘንና በጥል ቀን ይወጣል። ተሙንና ግርሽ ግን ማንም አይቀብራቸውም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄዱ ያልቃሉ፣ ይጠፋሉ። የቀሩትን አንጥረኛ ይወስዳቸዋል። ለቀጭን ቀለበት፣ ለሕፃን መስቀል፣ ለክታብ ቤት የሚበቃ ብር የሚገኘው ከትንሹ ገንዘብ ስለሆነ፣ ለማቅለጥ ቀድሞ የሚመረጠው እርሱ ነው። ሳይቀልጥ የተረፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተበስቶ ከድሪ ጋር ተሰክቷል። የተበሳ ብር በገበያ ዋጋው ይቀንሳል፤ በእኔ ግምት ግን አንዲት እናት አንገቷ ላይ ያሰረችው ቀዳዳ ያለበት ተሙን፣ ንጹሕ ሆኖ ከመሳቢያ ከወጣው የበለጠ የሚነግረን አለው።

መለየትና መጠበቅ

ሰብሳቢ ለመሆን የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የወርቅ ሠሪ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና የግዕዝ አኃዝ ማንበብ። እውነተኛ ተሙን ከ3.5 ግራም ብዙ አይርቅም፤ ያረጀ ከሆነ በጥቂቱ ይቀላል፣ ከዚያ አይከብድም። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። አፍስሰው የሠሩት ሐሰተኛ ገጹ ላይ ጥቃቅን የአረፋ ቀዳዳ፣ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል፣ የአንበሳው ጎፈርና የፊደሉ ጫፍም ይደበዝዛል። በምኒልክ ገንዘቦች ላይ አንበሳው በአንዳንዱ የቀኝ፣ በአንዳንዱ የግራ እግሩን ያነሣል፤ ጠንቃቃ ሰብሳቢ ይህንንም ይመዘግባል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ማጠብ ነው። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ብር ያብረቀርቃል፤ ግን በመቶ ዓመት የያዘው ጥቁር ሽፋን ከነጥቃቅኑ ጽሕፈት ይሄዳል፣ አይመለስም። በደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፕላስቲክ ከረጢት እርጥበት ይዞ ብሩን ያበላሻል፤ በተለይ እንደ ጅማና ሸቤ ባለ ዝናባማ አገር።

በሕጉ በኩል፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከመሬት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት እንዲገለጥ፣ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። ማሳ ሲታረስ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር ብር የተሞላ ገንቦ ቢወጣ ለሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ማስታወቅ ግዴታ ነው።

በሸቤም ሆነ በአካባቢው ከእናት ወይም ከአያት የወረሱት ትንሽ ብር በሣጥንዎ ካለ፣ ወደ አንጥረኛ ከመውሰድዎ በፊት ይመዝኑት፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥተው ከማን እንደወረሱት ይጻፉበት። ዓመቱንም ያንብቡ፤ ፲፰፻፹፰ የሚል ከሆነ አያቅልጡት።