ፈቃድና ዝምታ፦ ላይኛው ምክር ቤት ለእኛ ምን ሠራ?

ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን የወሩን ሒሳብ አንብቤ ስጨርስ፣ አንዲት እናታችን «ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ ይህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚሉት ሥራው ምንድን ነው? ለእኛስ ምን ያደርግልናል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የክልሎችን የድጎማ ቀመር ይወስናል» ብዬ አለፍኩ። መልሴ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነበር። ከዚያ በኋላ አንብቤ የተረዳሁትን ለሁላችሁም ላካፍል።

አገራችን ሁለት ምክር ቤት ያወቀችው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ላይኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት (ሴኔት)፣ ሌላው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባሉ ነበር። የሴኔት አባላትን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ሲሆኑ፣ የሚመረጡትም ከመኳንንቱና ከባለሥልጣናቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ሕዝቡ፣ ሴቶችም ጭምር፣ የመምረጥ መብት አገኘ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሱ። የገቡት ግን ሕዝብ ወደሚመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው። ሴኔቱ በሹመት እንደቀጠለ ቀረ።

የሴኔቱን አባላት አመለካከት ለማወቅ ያደረጉትንም ያላደረጉትንም ማየት ይበቃል። ብዙዎቹ ባለ ርስት ነበሩ። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው ረቂቅ ሕግ በፓርላማው ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ሴኔቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከፓርላማው ጋር ተዘጋ። የባልን ራስነት የሻረው የቤተሰብ ሕግ የወጣው ግን ገና በ1992 ዓ.ም. ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከቀድሞው ሴኔት ይለያል። ሕግ አያወጣም። አባላቱ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ወንበር አለው፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። ለእኛ ትልቁ ሥራው ሕገ መንግሥቱን መተርጎሙ ነው። አቤቱታው በመጀመሪያ 11 አባላት ባሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመረመራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የምክር ቤቱ ነው።

በ1996 ዓ.ም. አንድ የውርስ ቤት ጉዳይ እዚህ ምክር ቤት ደረሰ። አቤት ባይዋ ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ አለመሆኗን ከመጀመሪያው ገልጻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩን አይቶ ፈረደባት፤ በይግባኝም ሆነ በሰበር ሰሚ ችሎት ሳይለወጥላት ቀረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። የምክር ቤቱ አባላትም ፈቃዷን ሳትሰጥ የተፈረደው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ውድቅ አደረጉት። በሁሉም ደረጃ የተረታች ሴት መጨረሻ የተሰማችው እዚያ ነው።

ይህ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ላይ የተነገረ ነቀፋ አይደለም። ወድደው እዚያ የሚዳኙ እኅቶቻችን መብታቸው ነው። ነገሩ ያረፈው «ፈቃድ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ስለ ፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 188/1992፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጠራል ይላል። ያቺ ሴት የጠቀማት «አልፈቅድም» ማለቷ ነው። ዝም ብላ ቤቷ ብትቀመጥ ኖሮ ዝምታዋ እንደ ፊርማ በተቆጠረባት ነበር።

በሙያዬ ፊርማ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ደረሰኝ ላይ ያረፈች ፊርማ ገንዘቡ መከፈሉን ትመሰክራለች፤ በኋላ «ሳላነብ ነው የፈረምኩት» ማለት ሒሳቡን አያስተካክልም። ከእኛ መካከል ግን መጥሪያ ሲመጣ «ወንዶቹ ይጨርሱት» ብለን የምንተው፣ የውርስ ወረቀት ሲቀርብልን «ለወንድሜ ብዬ» ሳናነብ የምንፈርም አለን። ዝምድናን ማክበር መልካም ነው፤ ማንበብ ግን ዝምድናን አያፈርስም።

ስለዚህ ለእናታችን የቀረብኝን መልስ ዛሬ ልሙላ። እማማ፣ ያ ምክር ቤት የመጨረሻው በር ነው። በሩን ለማንኳኳት ግን የመጀመሪያው በር ላይ ድምፅ ማሰማት ያስፈልጋል። መጥሪያ ወይም የሚፈረም ወረቀት የመጣባት እኅት ሁሉ ከመፈረሟም ከመቅረቷም በፊት ወደ ማኅበራችን ትምጣ። እኔ የሕግ ባለሙያ ባልሆንም ወረቀቱን አብሬያት አነባለሁ፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄደን እንጠይቃለን።