የተተከለ ኩላሊት እና የቆዳ ካንሰር

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕክምና በ2008 ዓ.ም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ሕክምናው ታካሚውን ከኩላሊት እጥበት ቢገላግለውም ዕድሜ ልኩን ቆዳውን እንዲጠብቅ ያስገድደዋል።

ሰውነት ከሌላ ሰው የመጣን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። ይህን ለመግታት ታካሚው እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት እና ፕሬድኒሶሎን ያሉ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን በየዕለቱ ይወስዳል። ነገር ግን በፀሐይ ጨረር የተበላሹ ሕዋሳትንና ለካንሰር የሚያጋልጡ ቫይረሶችን የሚቆጣጠረውም ይኸው አቅም ነው። አዛቲዮፕሪን የተባለው የቆየ መድኃኒት ደግሞ ቆዳ በፀሐይ ይበልጥ እንዲጎዳ ያደርጋል። በነጮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችን የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ65 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጉዳት በእጅጉ ይከላከላል፤ ይህ እውነት ግን ብዙዎችን ያዘናጋል። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ፣ በተለይም በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ ሲሆን ከሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ጋር ይያያዛል። ታካሚው አፍሮ ካልተናገረ ሐኪሙም ላያየው ይችላል። ካፖሲ ሳርኮማም አለ፤ በእግር ላይ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብና እብጠት ሆኖ ይታያል። ይህ በሽታ ኤችአይቪ በደሙ ያለበትን ሰው ብቻ የሚይዝ ይመስላቸዋል አንዳንዶች፤ ንቅለ ተከላ ያደረገውንም ይይዛል።

በደጋ የሚያርስ ሰው የሚያገኘው ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ያደረገ አርሶ አደር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ቢፈልግ፣ ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ቢለብስ ይመከራል። አልቢኒዝም ላለበት ታካሚ ይህ ጥንቃቄ ፈጽሞ የሚታለፍ አይደለም።

ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ እያደገ የሚሄድ ኪንታሮት መሰል እብጠት፣ በውስጥ እግር ወይም በጥፍር ሥር የወጣ አዲስ ጥቁረት በሐኪም መታየት አለበት። ታካሚው በጤና ጣቢያ ቅባት ከመቀበሉ በፊት ኩላሊት የተተከለለት መሆኑን ይናገር፤ እንዲህ ያለ ቁስል ናሙናው ተወስዶ ሊመረመር ይገባዋልና።

በጊዜ የተደረሰበት ካንሰር በአብዛኛው በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀንስ ወይም በሲሮሊመስ ሊተካው ይችላል፤ ካፖሲ ሳርኮማ በዚህ ለውጥ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ካንሰሩን ፈርቶ መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ያቋረጠ ታካሚ ግን ኩላሊቱን አጥቶ ወደ እጥበት ሊመለስ ይችላል።