ባልተማከሉ ማኅበራዊ ትስስሮች ማኅበረሰብን ማግኘትና መቀላቀል

ፌስቡክን የመሰሉ የማኅበራዊ ትስስር ገጾች እያንዳንዳቸው በአንድ ኩባንያ እጅ ያሉ ናቸው። ያልተማከሉ የሚባሉት ትስስሮች አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። ግለሰቦች፣ ማኅበራት ወይም ተቋማት በየራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍለው ይሠራሉ፤ ሰርቨሮቹም በጋራ መግባቢያ ይገናኛሉ። የጂሜይል አድራሻ ያለው ሰው ያሁ ለሚጠቀም ወዳጁ መልእክት መላክ እንደሚችል ሁሉ፣ በአንዱ ሰርቨር የተመዘገበ ሰውም በሌላው ያለውን መከተልና ማነጋገር ይችላል።

ከእነዚህ ትስስሮች በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን የተጀመረው ማስቶዶን ነው። ሌሚ የተሰኘው ደግሞ በርእሰ ጉዳይ ለተከፋፈሉ የውይይት ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ የድር መስፈርት ሆኖ በጸደቀው አክቲቪቲፐብ በተባለው መግባቢያ ይጠቀማሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ሰርቨር መምረጥ ነው። አካውንት ከመክፈት በፊት ሰርቨሩን ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ወጪው በምን እንደሚሸፈን፣ ደንቡ ምን እንደሚከለክልና ተጠቃሚዎቹ በምን ቋንቋ እንደሚጽፉ ማንበብ ይገባል። አንዳንድ ሰርቨሮች አመልካቹ ለምን መግባት እንደፈለገ በአጭሩ እንዲጽፍ ይጠይቃሉ።

ማስቶዶን ለአዲስ ገቢ ገጹን በራሱ መርጦ አይሞላለትም፤ የሚከተለውን ፈልጎ የሚያገኘው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ጽሑፍን በቃል መፈለግም የተገደበ በመሆኑ ዋናው መንገድ ሃሽታግ ነው። ለምሳሌ የሙያ ባልደረቦቹን የሚፈልግ ንብ አናቢ #ንብ_ማነብ ብሎ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛው ስያሜ መፈለግ ይችላል። ሃሽታጉን ራሱን መከተልም ይቻላል። አንድ ጥሩ ጸሐፊ ከተገኘ፣ እርሱ የሚከተላቸውን ሰዎች ዝርዝር ማየት ወደ ሌሎች ያደርሳል።

ፍለጋው ባዶ ቢሆን ማኅበረሰቡ የለም ማለት አይደለም። አንድ ሰርቨር የሚያውቀው ወደ እርሱ የደረሰውን ብቻ ነው። በሌላ ሰርቨር ያለ ሰው ወይም ቡድን ሙሉ አድራሻ፣ ማለትም ስሙና የሰርቨሩ ስም፣ በፍለጋው ሳጥን ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከተቀላቀሉ በኋላ ራስን በአጭሩ ማስተዋወቅና ሙያን በሃሽታግ መግለጽ ሌሎች እንዲያገኙን ይረዳል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን መዘንጋት የለባቸውም። በማስቶዶን የግል መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ ስላልሆነ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ መረጃ፣ የይለፍ ቃልም ሆነ የቤተሰብ ምስጢር ሊላክበት አይገባም።

ሁለተኛው የሰርቨር መዘጋት ነው። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ እንኳ የራሱን ሰርቨር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ዘግቷል። ማስቶዶን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር መዛወርን ይፈቅዳል፤ ተከታዮች ወደ አዲሱ አካውንት ይሻገራሉ፣ የቀድሞ ጽሑፎች ግን አይሻገሩም። ዝውውሩ የሚጀመረው ከቀድሞው አካውንት በመሆኑ ሰርቨሩ ከጠፋ በኋላ ማከናወን አይቻልም። ስለሆነም የሚከተሏቸውን ሰዎች ዝርዝርና የጽሑፎችን ቅጂ በየጊዜው አውርዶ ማስቀመጥ፣ የመዘጋት ማስታወቂያ ሲወጣም ሳይዘገዩ መዛወር ይመከራል።