ማረጥና አንጎል፦ ኤስትሮጅን ሲቀንስ ምን ይሆናል?

ብዙ ሴቶች ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ የወር አበባቸው ይዛባል። ድንገት ሙቀት ይወርራቸዋል፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ የሚያውቁት ሰው ስም ይጠፋባቸዋል። በዚህ ጊዜ «አእምሮዬን ልስት ነው እንዴ?» ብለው የሚሰጉ ጥቂት አይደሉም። ለመሆኑ ማረጥና አንጎል ምን ያገናኛቸዋል?

ኤስትሮጅን በአብዛኛው የሚታወቀው ከመውለድ ጋር በተያያዘ ነው። ሆኖም አንጎል ውስጥም ሥራ አለው። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ ወደ ነርቭ ሴል ሲገባ «ተቀባይ» ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ሁለቱ አብረው በሴሉ ዲኤንኤ ላይ ያርፉና አንዳንድ ጂኖችን ያሠራሉ፣ ሌሎችን ደግሞ ያስቆማሉ። ጂን ሲሠራ ሴሉ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ያመርታል። ዋናዎቹ ተቀባዮች አልፋና ቤታ ሲባሉ፣ ቤታ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዋናው ምግቡ ግሉኮስ ነው። ኤስትሮጅን ግሉኮስ ወደ ሴል እንዲገባና የሴሉ ምድጃ የሆነው ማይቶኮንድሪያ በደንብ እንዲሠራ ይረዳል። ሆርሞኑ ሲቀንስ በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች የግሉኮስ አጠቃቀም እንደሚቀንስ በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስም ስለሚረበሽ ድንገተኛው ሙቀት ይመጣል።

ወንዶችም ኤስትሮጅን አላቸው፤ አንጎላቸው ከቴስቶስትሮን ይሠራዋል። የእነሱ ሆርሞን ግን የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው።

በማረጥ ጊዜ የሚታየው መርሳት በአብዛኛዎቹ ሴቶች ላይ ቀላልና ጊዜያዊ ነው፤ የመርሳት በሽታ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ የለመዱትን መንገድ መሳት ወይም የዕለት ሥራን መሥራት አለመቻል ካለ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል።

የሆርሞን መድኃኒትስ? ኃይለኛ ሙቀትን ያስታግሳል። ነገር ግን መርሳትን ለመከላከል ተብሎ አይወሰድም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ65 ዓመት በኋላ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አንድ ላይ መውሰድ የጀመሩ ሴቶች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ስለዚህ ዕድሜና የጤና ታሪክ ወሳኝ ናቸው። ለጎረቤት የታዘዘ መድኃኒት ለእርስዎ ላይስማማ ይችላል።

ስለ ወር አበባ መናገር የሚያሳፍራቸው እናቶች አሉ። በቁፓት ሆሊም ላለው የቤተሰብ ወይም የሴቶች ሐኪም ችግርዎን በግልጽ ይንገሩ።