ዕቃ ከመለወጥ በፊት፦ የሞተር ሙቀት ሴንሰር አጭር ታሪክ



የዛሬው ርዕሰ ጉዳዬ በታሪክ ትምህርት አዳራሽ ውስጥ የሚጠበቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቴክኖሎጂ ታሪክ ሲነገር ዘወትር የምንሰማው ስለ ፈጠራ ነው፤ ማን ቀድሞ ሠራው፣ በየትኛው ዓመት ሠራው የሚለውን ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ጥገና፣ ያውም ከአውራ ጣት ብዙም ስለማትበልጥ አንዲት ዕቃ መለወጥ ልናገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ነገሩ የሚጀምረው ከብርድ ነው። ቤንዚን ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ በሚገባ አይተንም፤ ከፊሉ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ግድግዳ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ከሞቀ ሞተር ይልቅ ብዙ ቤንዚን ይሻል። በካርቡሬተር ዘመን ይህን ፍርድ የሚሰጠው በአብዛኛው ሾፌሩ ራሱ ነበር። ቾኩን ይስባል፤ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን ይመልሳል። ዕውቀቱ በጆሮና በእጅ ውስጥ የተቀመጠ ነበር።

ይህን ፍርድ ከሰው እጅ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ለማዛወር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ማይክል ፋራዴይ በ1833 የብር ሰልፋይድ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ እንደሚቀንስ አስተዋለ። ይህ ከተለመዱት ብረቶች ጠባይ ተቃራኒ ነው። ግኝቱ ለረጅም ጊዜ ለገበያ የሚውል ዕቃ ሳይሆን ቆይቶ በ1930 አሜሪካዊው ሳሙኤል ሩበን ዛሬ ቴርሚስተር የምንለውን መሣሪያ ለንግድ እንዲበቃ አደረገው። ቴርሚስተር እንደ ማንጋኒዝና ኒኬል ካሉ ማዕድናት ኦክሳይድ ተጋግሮ የሚሠራ ትንሽ ቁራጭ ነው። ሲቀዘቅዝ የመቋቋም ኃይሉ ከፍ ይላል፤ ሲሞቅ ዝቅ ይላል። የሞተር ሙቀት ሴንሰር ማለት ይህ ቁራጭ በነሐስ ቆብ ውስጥ ታሽጎ ጥርስ የወጣለት ማለት ነው።

በመኪና ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ግን አልሠመረም። ቤንዲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤሌክትሮጄክተር የሚል ስም የሰጠውን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ቤንዚን መርጫ በ1957 አስተዋወቀ፤ ክራይስለር በ1958 ሞዴሎቹ ጥቂቶች ላይ ገጠመው። የዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሙቀቱንና ንዝረቱን መሸከም ስላልቻሉ አብዛኞቹ መኪኖች መርጫቸው ተነቅሎ ካርቡሬተር ተተከለባቸው። ይህን ድርጊት ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቤንዲክስን የፈጠራ መብት ይዞ ሥራውን ከግብ ያደረሰው የጀርመኑ ቦሽ ነው። ዲ ጄትሮኒክ የተባለው ሥርዓት በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ። «ዲ» ፊደል ግፊት የሚል ትርጉም ያለውን የጀርመንኛ ቃል ትወክላለች፤ ሥርዓቱ የሚያስፈልገውን ቤንዚን የሚገምተው በአየር ማስገቢያው ውስጥ ካለው ግፊት ነበርና። ለምን አሜሪካ? ምክንያቱ ጭስ ነው። ሃገን ስሚት የተባሉት ሳይንቲስት የሎስ አንጀለስን ጉም የሚያመጣው በዋናነት ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ መሆኑን በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሳይተው ነበር። ካሊፎርኒያ በ1966፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1968 ሞዴል መኪኖች ላይ የጭስ ገደብ ጣሉ። ቤንዚንን በጠብታ መመጠን የሕግ ግዴታ ሆነ። ቀጥሎም ሲትሮየን ዲ ኤስ 21፣ ቮልቮ 1800 ኢ፣ ሳብ 99ና መርሴዲስ 250 ሲ ኢ ይህንኑ ሥርዓት ተቀበሉ።

የዚህ ዘመን ኮምፒውተር ዛሬ በምናውቀው መልኩ አያስብም። ማይክሮፕሮሰሰር የለውም፤ ስሕተት መዝግቦ አያስቀምጥም፤ የተቃጠለውን ጭስ ቀምሶ ራሱን የሚያርምበት የኦክስጅን ሴንሰርም የለውም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ የሚያውቀው በውሃ መተላለፊያው ላይ፣ እንደ ቮልስዋገን ባለ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ በቴስታታው ላይ በታሰረው ሴንሰር ብቻ ነው። የተነገረውን ያምናል። ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም አካባቢ፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም የሚጠጋ ቁጥር ያሳያል። ሽቦው ከተበጠሰ ኮምፒውተሩ ማለቂያ የሌለው ብርድ ያለ ይመስለዋል፤ ቤንዚን ያጎርፋል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የራሴን በደል ልናዘዝ። ጀርመን አገር ተማሪ ሳለሁ አንድ ያረጀ ቮልስዋገን 1600 ገዝቼ ነበር። ሲሞቅ ጭሱ ይጠቁራል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጠፋል። ካንዴላውን ለወጥሁ፤ የቤንዚን ፓምፑን ለወጥሁ፤ ውድ የሆነውን የግፊት ሴንሰር ለወጥሁ። ገንዘቤም ትዕግሥቴም ሲያልቅ ሥርዓቱን በሙሉ አስነቅዬ ሁለት ካርቡሬተር አስተከልሁ፤ ኮምፒውተሩን ከነሽቦው ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ ሰጠሁ። ከወራት በኋላ ያላስነቀልሁትን፣ በቴስታታው ላይ ተረስቶ የቀረውን ሴንሰር በመልቲሜትር ለካሁት። ጤነኛ ነበር። የታመመው ማያያዣው ነበር፤ ዝገት በልቶት የመቋቋም ኃይል ጨምሮበታል፤ ኮምፒውተሩም የሞቀውን ሞተር ቀዝቃዛ ነው ብሎ አመነ። በአሸዋ ወረቀት የሚጸዳ ዝገት ነበር። የሰጠሁት ኮምፒውተር ግን አልተመለሰም።

የቤንዲክስን መኪኖች ልብ በሉ ያልሁት ለዚህ ነው። በ1958 የተደረገውን እኔም ደገምሁት፤ ከእኔ ጋርም ብዙ ሰው ደግሞታል። ያልተረዱትን ነቅሎ የሚያውቁትን መትከል ለዕለቱ ያስኬዳል፤ ለታሪክ ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው። ዛሬ አንድ የ1968 ቮልስዋገን ከነሙሉ መርጫው ሲገኝ ብርቅ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ መኪና የሚገጥመው ቢኖር ሴንሰሩን ከመለወጡ በፊት ይለካው። መጀመሪያ ማያያዣውንና ሽቦውን ይመርምር፤ ቀጥሎ ሴንሰሩን ፈትቶ በቀዝቃዛና በሞቀ ውሃ ውስጥ ይለካው። የፈላ ውሃ ሁልጊዜ 100 ዲግሪ ነው የሚለውን ግን አዲስ አበባ ላይ አይመን። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ በባሕር ጠለል ለ100 ዲግሪ ከተጻፈው ከፍ ብሎ ቢገኝ ሴንሰሩ ተበላሸ አያሰኝም። ቴርሞሜትር ይጠቀም። መለወጥ ግድ ከሆነም ሞተሩ ቀዝቅዞ ይፍታው፤ የቴስታታው አሉሚኒየም ጥርስ በቀላሉ ይበላልና በኃይል አያጥብቀው። አዲሱም ሴንሰር መልኩ ብቻ ሳይሆን የመቋቋም መጠኑ ከአሮጌው ጋር እንዲገጥም ያረጋግጥ፤ ጥርሱ ገጥሞ ቁጥሩ የማይገጥም ሞልቷልና። አሮጌውን አይጣለው፤ ቀኑንና የለካውን ቁጥር ጽፎ ያስቀምጠው።

የታሪክ ተማሪ ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም። እኛም ከሰነድ ጋር የማይስማማ ምስክር ሲያጋጥመን ነቅለን ልንጥለው እንቸኩላለን። ምናልባት ምስክሩ እውነቱን ተናግሮ፣ ቃሉ ወደ እኛ በመጣበት መንገድ ላይ ዝገት ይዞት ይሆናል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጻሕፍት ሳይሆን ሊመለስ በማይችል ኪሳራ ነው።