ስቲልዎተር፦ ዓለማያን ያዋለደች የስንዴ ከተማ

ሰኔ 1946 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ዋሽንግተንና ኒውዮርክ መግባታቸው ማንንም አያስገርምም። ከዚያ አልፈው በኦክላሆማ ሜዳ ላይ ወደተቆረቆረችው ትንሿ ስቲልዎተር ድረስ የዘለቁት ግን አስበውበት ነው። የከተማዋ የእርሻ ኮሌጅ በሐረርጌ፣ ዓለማያ ላይ ታናሽ ወንድሙን እያቋቋመ ነበር፤ ጃንሆይም ምስጋናቸውን ራሳቸው ሊያደርሱ ሄዱ።

ስቲልዎተር ዛሬ 48 ሺህ ገደማ ነዋሪ አላት። ከኦክላሆማ ሲቲም ሆነ ከተልሳ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዚያ ኮሌጅ ስታዲየም የከተማውን ሕዝብ በሙሉ አስቀምጦ ቦታ ይተርፈዋል። እንግዳ ሰው በጨዋታ ቀን ቢደርስ፣ ብርቱካንማ ልብስ የለበሰውን ሕዝብ አይቶ ከተማዋ በኳስ የቆመች ሊመስለው ይችላል። የቆመችው ግን በስንዴና በከብት ነው።

የመሬቱ ታሪክ ጠባሳ አለበት። የአሜሪካ መንግሥት ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ ይህን አገር ከክሪክና ከሴሚኖል ነባር ሕዝቦች እጅ ወሰደ። ነጭ ሰፋሪዎችም ዓይናቸውን ጣሉበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1884 ዊልያም ካውች የሚባል ሰው ተከታዮቹን ይዞ በስቲልዎተር ወንዝ ዳር ሰፈረ፤ ወታደሮች ከበው ስንቅ እንዳይገባለት ከለከሉና በጥር አስወጡት። ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥት ራሱ በሩን ከፈተው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1889 እኩለ ቀን ላይ ምልክቱ ሲሰጥ በፈረስም በጋሪም የመጣው ሰው ሁሉ ሽምጥ ጋለበ። ቀድሞ ካስማ የተከለ 160 ኤከር፣ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ መሬት ያዘ። ለአንዱ ዕድል የሆነው ቀን ለሌላው የርስቱ መጨረሻ ነበር፤ የስቲልዎተርን ልደት የሚተርክ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

ሰፋሪዎቹ ገና ከድንኳንና ከሳንቃ ቤት ሳይወጡ ኮሌጅ ፈለጉ። ስሌት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ የእርሻና የእጅ ሙያ ኮሌጅ ማቋቋሚያ ይሰጣል፤ በ1887 የወጣው የሃች ሕግ ደግሞ ለእርሻ ምርምር ጣቢያ በየዓመቱ 15 ሺህ ዶላር ይቆርጣል። ባቡር ለሌላት የገጠር መንደር ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። በታኅሣሥ 1890 ኮሌጁን የሚያቋቁመው የግዛቱ ሕግ ጸደቀ፣ ስቲልዎተር ኮሌጁን አገኘች፣ አራት ሰፋሪዎችም ከያዙት መሬት ላይ ቆርሰው 200 ኤከር ሰጡ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1891፣ 45 ተማሪዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጠው ትምህርት ጀመሩ። ዛሬም ያለው ባለ ቀይ ጡቡ የመጀመሪያ ሕንጻ የተመረቀው በ1894 ነው።

ከሕንጻው ይልቅ ልቤን የሚስበው አንድ ማሳ ነው። የኮሌጁ የመጀመሪያ የእርሻ መምህር አሌክሳንደር ማግሩደር እ.ኤ.አ. በ1892 ድንግል መሬት አርሶ ስንዴ ዘራ። ሊያውቅ የፈለገው ይህ አፈር ምንም ሳይጨመርበት ስንዴ ሲያበቅል እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፊሉ ፍግ ይደረግበት ጀመር፤ ሌላው እንዲሁ ተተወ። ማግሩደር ሄደ፣ ሌሎች ተተኩ፣ ዘሩ ግን አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1947 ኮሌጁ እዚያ ቦታ ላይ የተማሪዎች ማደሪያ ሊሠራ ሲነሳ ተመራማሪዎቹ የላይኛውን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ዝቀው ከግቢው በስተ ምዕራብ ወዳለ አዲስ ቦታ አዛወሩት። ማሳው ራሱ ተነቅሎ ሄደ ማለት ነው። ምንም ያልተጨመረበት መደብ ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ስንዴ ይሰጣል፤ ምርቱ ማዳበሪያ ካገኙት ጎረቤቶቹ ያነሰ ነው። አንድ አፈር ምን ያህል እንደሚታገሥና ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ በላይ የሚመሰክር ማሳ በዚያ ሰፊ የስንዴ አገር ውስጥ የለም።

ይህን ኮሌጅ ከእኛ ጋር ያገናኙት ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ መርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የሚባለውን የቴክኒክ እርዳታ እንዲመሩ ሾሟቸው። ሥራው ፍሬ ሲይዝ ለማየት አልታደሉም፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 ቴህራን አጠገብ አውሮፕላን ተከስክሶ ከባለቤታቸው ጋር አረፉ። ሥራው ግን ቀጠለ፤ ኮሌጁ ከኢትዮጵያ ጋር የሚሠራበት ውል በ1944 ዓ.ም. ተፈረመ።

የስቲልዎተር መምህራን ቤተሰባቸውን ይዘው መጡ። መጀመሪያ ጅማ ላይ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዓለማያ ግንባታ እስኪደርስ የኮሌጁ ተማሪዎችም እዚያው ተማሩ። ዓለማያን ጃንሆይ በጥር 1950 ዓ.ም. መረቁት። ኋላ በጤፍ ዝርያዎቹ ስሙን ያስጠራው የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከልም የዚያው ሥራ አካል ነበር። ከወሎንኮሚ የተነሱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በጅማው ትምህርት ቤትና በዓለማያ አልፈው ነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት።

ከስቲልዎተር የተቀዳው ዋናው ነገር አሠራሩ ነው። ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር ይዋሉ የሚል። የገበሬው ጥያቄ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል፣ መልሱ ወደ ማሳ ይወጣል፣ ተማሪው መሐል ቆሞ ሁለቱንም ያያል። ዓለማያም የጀመረው እንዲሁ ነበር፤ የአገሪቱ የእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራ የተወለደው በእሱ እጅ ነው። በ1955 ዓ.ም. ግን ኤክስቴንሽኑ ከኮሌጁ ወጥቶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። በመላ አገሪቱ ለማዳረስ አንድ ኮሌጅ እንደማይበቃ አይካድም። ቢሆንም መምህሩና ልማት ሠራተኛው በተለያየ ቤት ማደር የጀመሩት ያኔ ነው፤ በእኔ እምነት በዚህ ብዙ አጥተናል። የኦክላሆማ መምህራን በ1960 ዓ.ም. ውላቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ዓለማያ ራሱን ችሎ ቆሞ ነበር፤ ያቺ አንዷ ክር ግን ተበጥሳ ነው የቀረችው።

እዚያ አልተበጠሰችም። በኦክላሆማ 77 አውራጃዎች ሁሉ የዩኒቨርሲቲው የኤክስቴንሽን ቢሮ አለ። ስንዴው ቢጫ የሆነበት ገበሬ ቅጠሉን ቆርጦ ይዞ ይሄዳል፤ ቢሮው ውስጥ የሚቀበለው ባለሙያ የዩኒቨርሲቲው ሰው ነው፤ እሱ ያልፈታው ጥያቄ ስቲልዎተር ላሉት ተመራማሪዎች ይላካል።