ድምፅ የሚሰፈርበት ቁና

የአሜሪካ ካውንቲ ቦርድ ስለ ጦርነትና ሰላም የሚመክር ሸንጎ አይደለም። ሥራው መንገድ፣ ድልድይ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የሠራተኛ ቅጥር ነው። ሰው ከደጁ ወጥቶ የሚረግጠው መሬት ግን በዚህ ቦርድ እጅ ነውና፣ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ለዚህ በጆርጂያ የሚገኘውን የበርክ ካውንቲን ታሪክ ማየት ይበቃል። ከ1911 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምስት ኮሚሽነሮች ነበሩት፤ አምስቱንም የሚመርጠው የካውንቲው ሕዝብ በሙሉ በአንድነት ነበር። በ1980 ቆጠራ ከነዋሪው 53.6 በመቶ ጥቁር ነበር፤ ከተመዘገበው መራጭ ግን ጥቁሩ 38 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ እስከዚያ ድረስም አንድ ጥቁር ኮሚሽነር ተመርጦ አያውቅም። ጥቁር ነዋሪዎች በዚህ አሠራር ላይ ያቀረቡትን ክስ የመረመረው ፍርድ ቤት መንገድ ሲነጠፍ የነጮች ፍላጎት እየተከበረ የጥቁሮች ሰፈር ይታለፍ እንደነበር መዝግቧል። አስፋልቱ የት እንደሚያልቅ የወሰነው ድምፁ የተቆጠረበት ድንበር ነው። እህል በሚሰፈርበት ገበያ ቁናውን ያበጀ ሰው የሻጩንም የገዢውንም ዕድል ይወስናል። የምርጫ ድንበርም የድምፅ ቁና ነው፤ የአሜሪካ ደቡብ ታሪክ የሚያሳየውም ሰውን ካርድ ሳይነፍጉ ድምፁን ባዶ ማድረግ እንደሚቻል ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። መቶ መራጮች አሉ እንበል፤ 65ቱ ነጮች፣ 35ቱ ጥቁሮች፣ ሁለቱም ወገን የራሱን ሰው ብቻ ይመርጣል። ሦስት ወንበር ቢኖርና ሁሉም መራጭ ለሦስቱም ድምፅ ቢሰጥ፣ 65ቱ ሦስቱንም ይወስዳሉ፤ 35ቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። የብዙኃኑ ድምፅ በብዙ ዕጩዎች ሲበታተን አናሳው ወገን ድምፁን ሁሉ በአንድ ዕጩ ላይ አከማችቶ ቢያንስ አንድ ወንበር እንዳያገኝ ደግሞ ሁለት መቆለፊያ ተበጀ። አንደኛው ለእያንዳንዱ ወንበር ቁጥር ሰጥቶ ዕጩዎች ለየወንበሩ ለየብቻ እንዲፎካከሩ ማድረግ ነው። ሁለተኛው አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ማስገደድ ነው። በበርክ ሁለቱም ነበሩ። ኮሚሽነሮቹ ከተለያየ አካባቢ እንዲመጡ የሚያስገድድ ደንብም ስላልነበረ፣ አምስቱም ከአንድ ሰፈር ቢወጡ ሕጉ አይከለክልም ነበር።

ሁሉንም ወንበር በአንድነት የሚያስመርጠው አሠራር በዘረኝነት ብቻ አልተወለደም የሚል መልስ አለ፤ እውነትም ነው። በ1900 ጋልቬስተንን ማዕበል ካወደማት በኋላ ከተማዋ አስተዳደሯን ለጥቂት ኮሚሽነሮች ሰጠች፤ አሠራሩም በብዙ ከተሞች ተዛመተ። የዘመኑ ለውጥ ፈላጊዎች የየሰፈሩ ተመራጭ ለሰፈሩ ጉልበተኛ ያድራል፣ ሥራና ጨረታ ለወዳጁ ያድላል ይሉ ነበር፤ ክሳቸውም ብዙ ቦታ ማስረጃ ነበረው። የአላባማዋ ሞቢልም በ1911 ሦስት ኮሚሽነሮችን በከተማ አቀፍ ምርጫ መምረጥ ስትጀምር የተነገረው ምክንያት መልካም አስተዳደር ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች መዛግብት ሲያገላብጡ ግን ሌላ ነገር ወጣ። ፍሬደሪክ ብሮምበርግ የተባለ የሞቢል ሰው፣ የቀድሞ የኮንግረስ አባል፣ በ1909 ለአላባማ ሕግ አውጪዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ ያልተማረውን መራጭ ለማስቀረት ነው የሚለው ሰበብ ማስመሰያ እንደነበር፣ የተፈለገውም የጥቁሩን ድምፅ ማስቀረት መሆኑን ሳያፍር አስፍሮታል። ንጹሕ አስተዳደርን የፈለጉ ሰዎች መኖራቸውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በዚያው ቁና ማን እንዲጎድልበት እንደታሰበ ደብዳቤው ይመሰክራል።

ከ1965 በኋላ የሆነው ደግሞ ለጥርጣሬ ቦታ አይተውም። የድምፅ መብት ሕግ በዚያ ዓመት ሲጸድቅ ጥቁር መራጮች በገፍ ተመዘገቡ። በሚሲሲፒ እያንዳንዱ ካውንቲ በአምስት የምርጫ ክልል ተከፍሎ ከየክልሉ አንድ ሰው ወደ ቦርዱ ይልክ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1966፣ የሚሲሲፒ ምክር ቤት ካውንቲዎች ይህን ትተው ሁሉንም በካውንቲ አቀፍ ምርጫ እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ካርዱን መንጠቅ ስላልተቻለ መስፈሪያው ተቀየረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 እንዲህ ያለው ለውጥ አስቀድሞ በፌዴራል መንግሥት መመርመር እንዳለበት ወሰነ፤ የመምረጥ መብት በክልከላ ብቻ ሳይሆን ድምፅን በማቅጠንም ሊጎዳ እንደሚችል ተናገረ።

ፍርድ ቤቶች ግን በዚሁ አልጸኑም። ዋይሊ ቦልደንና ሌሎች የሞቢል ጥቁር ነዋሪዎች ከሰው በ1976 አሸንፈው ነበር። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ ከሳሾቹ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የአድልዎ ሐሳብ መኖሩንም ማስረዳት አለባቸው የሚለው አስተያየት የበላይ ሆነ። የሞተ ሰውን ልብ መርምሮ ማስረዳት ለተራ ዜጋ የማይቻል ሸክም ነው። በ1982 ኮንግረስ የድምፅ መብት ሕጉን አሻሽሎ ውጤት መለኪያ እንዲሆን አደረገ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሄርማን ሎጅና በጓደኞቹ ክስ የበርክን አሠራር የሻረውን ፍርድ አጸና። ሞቢልም በ1985 ሰባት የምክር ቤት አባላትን ከሰባት ክልል መረጠች፤ ከሰባቱ ሦስቱ ጥቁሮች ሆኑ።

የሚቀረው ከባዱ ተቃውሞ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው፣ በክልል የተመረጠ ሰው ከሰፈሩ ጥግ በቀር አያይም የሚለው ነው። ይህ አደጋ አለ። በሞቢል ግን የምክር ቤቱ ውሳኔ ከሰባት አምስት ድምፅ እንዲያገኝ ተደንግጎ አንዱ ወገን ሌላውን ሳያማክር እንዳይሄድ ተደረገ። ሁለተኛው፣ ድንበርን በዘር መሳል ዘረኝነትን ያጸናል የሚለው ነው። መራጩ በዘር ተከፍሎ የሚመርጠው ግን ድንበሩ ከመሳሉ በፊት ነው፤ ካውንቲ አቀፉ ምርጫ ይህን ክፍፍል ሸፍኖ ለብዙኃኑ ሁሉንም ይሰጥ ነበር። በርግጥ ክልል ለሁሉ መድኃኒት አይደለም፤ ተበታትኖ የሚኖር አናሳ ወገን የሚከለልለት ቦታ የለውም። በአላባማ የቺልተን ካውንቲ ጥቁሮች ከነዋሪው 12 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ1988 ለእያንዳንዱ መራጭ ሰባት ድምፅ ተሰጥቶ፣ ከፈለገ ሰባቱንም ለአንድ ዕጩ እንዲያውለው ተፈቀደ፤ ቦቢ ኤጊም የካውንቲው የመጀመሪያ ጥቁር ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ። ካውንቲው አልተከፈለም፤ የተከፈተው መቆለፊያው ብቻ ነው።

ጥያቄው ለእኛም ወገኖች ቅርብ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2020 ሁለት ሐሳቦች ለሕዝብ ድምፅ ቀረቡ። አንዱ ዘጠኙንም ወንበር በየክልሉ የሚያደርግ ነበር፤ ሕዝቡ ጣለው። ሌላው ምክር ቤቱን ወደ 11 አሳድጎ ሰባቱን በክልል፣ አራቱን በካውንቲ አቀፍ ምርጫ የሚያስመርጥ ነበር፤ ይህኛው ጸደቀ። እንዲህ ያለ ድብልቅ ለተሰባሰበውም ለተበታተነውም በር ይተዋል፤ ስለዚህ ካውንቲ አቀፍ ምርጫን ከነስሙ እርኩስ ነው አልልም። መራጩ በጎራ በተከፈለበት ቦታ ግን ብቻውን ሲቆም ብዙኃኑን ብቸኛ ባለቤት ያደርጋል። በበርክ የክልል ምርጫ ከተጀመረ በኋላ ከሳሹ ሄርማን ሎጅ ራሱ በኮሚሽነር ወንበር ተቀመጠ። መራጮቹም ካውንቲውም የትናንቶቹ ነበሩ፤ የተለወጠው ቁናው ነው።